ቲማቲሙ ለምን ይጨማለቃል፣ ሽንኩርቱ ለምን ያበቅላል? ከለቀማ በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አትክልት ከተለቀመም በኋላ በህይወት ነው ያለው፣ ይተነፍሳል፣ ሙቀት ያወጣል፣ ውሃው ይተናል፣ ግን ከተክሉ ስለተለየ ሚተካለት ነገር የለም፣ ያለውን ስንቅ እየበላ ነው ሚቆየው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይሄ አተነፋፈስ እጥፍ፣ አንዳንዴም ሶስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አራተኛው ቀን ላይ ምታዩት ብስባሽ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ስራ ነው። ሰው ሁሉ "ማቀዝቀዣ ስለሌለን ነው" ይላል፣ እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት ማቀዝቀዣ ጋር ሳይደረስ ያለቀ ነው ባይ ነኝ፣ ማሳው ላይና ሳጥኑ ውስጥ። ለማንኛውም የናንተን ምልክት ፈልጉና ከዛ ጀምሩ።

ምልክት፦ ከመቂ ወይ ከባቱ የተጫነ ቲማቲም አዲስ አበባ ሲደርስ ታች ያለው ተጨማልቋል

መንገዱ እኮ ከመቂ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ጥፋቱ የርቀቱ አይደለም። ሳጥኑን እዩት። የእንጨት ሳጥን ጣውላው ያልተላገ ነው፣ ሚስማሩ ወደ ውስጥ የወጣ አለ፣ በዛ ላይ ሽያጩ በሳጥን ስለሆነ ገዢው ጉብ ተደርጎ ካልተሞላ አይቀበልም። ጉብ ካለ ደሞ ላዩ ላይ ሚጫነው ሳጥን ሚያርፈው ከስር ባለው ሳጥን ከንፈር ላይ ሳይሆን በቀጥታ ቲማቲሙ ላይ ነው፣ አምስት ስድስት ሳጥን ተደራርቦ አይሱዙው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት ከፍ ብሎ ይወርድበታል፣ አንዳንዴ ደሞ ጫኙ ራሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነው ሚመጣው። የፈነዳው አንዱ ጭማቂውን ታች ላሉት ያንጠባጥባል፣ ጭማቂው የብስባሽ ጀርሙን ይዞ ይወርዳል፣ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሲደርስ ሳጥኑ ስር እርጥብ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው።

መፍትሄው አንደኛ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ በራሱ ከንፈር ላይ ሚደረደር፣ ሁለት ጣት ጎደል ተደርጎ ሚሞላ። መጀመሪያ ላይ ውድ ነው፣ ግን ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ሶስት አራት ገበሬ ተጋግዞ ቢገዛው ይሻላል። እሱ ካልተቻለ የእንጨቱን ሚስማር በመዶሻ አጥፉ፣ ውስጡን በካርቶን ወይ በደረቅ ንጹህ ጭድ ልበጡ፣ አታጉቡ። ገዢው "ጎሏል" ካለ በኪሎ ተደራደሩ፣ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ሚጨፈለቀውን ታሳቢ አርጎ ነው ዋጋ ሚቆርጥባችሁ፣ ሁለት ጊዜ እየከፈላችሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር የብስለቱ ደረጃ ነው። ሙሉ ለሙሉ የቀላ ቲማቲም ለሰፈር ገበያ እንጂ ለመኪና አይሆንም። ለመንገድ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀላ ማለት ሲጀምር ልቀሙት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቦታ በሳምንት ገደማ ራሱ ይቀላል። አረንጓዴውን መልቀም ካለባችሁ ደሞ መድረሱን እንዲህ ፈትሹ፣ አንዱን በስለታም ቢላ መሀሉን ክፈሉት፣ ቢላው ፍሬዎቹን ከቆረጣቸው ገና ጥሬ ነው፣ ቢቀላም ጣዕም አይኖረውም። ፍሬዎቹ በሚዝለገለገው ነገር ውስጥ ከቢላው እየሸሹ ሳይቆረጡ ከቀሩ ደርሷል።

ሶስተኛ ሰአቱ። ጤዛው እንደደረቀ ጀምራችሁ ሳይሞቅ ጨርሱ፣ በኛ ሰአት ከጠዋቱ 4 ባያልፍ ጥሩ ነው፣ የተለቀመው ማሳው ዳር ፀሐይ ላይ አይቆለል። ፀሐይ ላይ የዋለ ቲማቲም ከአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፣ በቅጠል የተከለለች ዳስ ብቻ ብዙ ታድናለች። ጭነት ወደ ማታ ይሁን፣ ሸራውም ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ አይታፈን፣ አየር ማለፊያ ይኑረው።

ምልክት፦ ታጥቦ የተቀመጠ ቲማቲም ከተቀነጠሰበት ጠባሳ በኩል ውሃ ውሃ ብሎ ይበሰብሳል

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሞቀ ቲማቲም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በጠባሳው በኩል የመዘፍዘፊያውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ውሃው ደሞ ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀየረ ከሆነ ጀርሙን አብሮ አስገባው ማለት ነው። መጀመሪያ ጥላ ላይ ይቀዝቅዝ፣ ውሃው ከቲማቲሙ የቀዘቀዘ አይሁን፣ ለ20 ሊትር ንጹህ ውሃ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 40 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ውሃው ሲደፈርስ በረኪናው አቅም ያጣልና ቀይሩት፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ደሞ በፍጹም አትቀላቅሉት። ከዛ በደንብ ይድረቅ። ቆሻሻ ከሌለበት ባይታጠብ ነው ሚሻለው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አርጎ መተው።

ምልክት፦ ፍሪጅ የገባ ቲማቲም አይቀላም፣ ጣዕሙም ጠፋ

ብርድ መትቶት ነው። ያልቀላ ቲማቲም ከ12 ዲግሪ በታች አይወድም፣ ይጎዳና ከወጣ በኋላ በደንብ አይበስልም፣ ነጠብጣብ አውጥቶ ይበሰብሳል። ውጭ ይብሰል፣ ሙሉ ለሙሉ ከቀላ በኋላ ለጥቂት ቀን ፍሪጅ ቢገባ ችግር የለም። ሙዝም እንደዛው ነው፣ ከ13 ዲግሪ በታች ልጣጩ ይጠቁራል፣ ማንጎም አይችለውም።

ምልክት፦ ቀይ ሽንኩርት አንገቱ ለሰለሰ፣ ወይ አበቀለ፣ ወይ ልጣጩ ስር ጥቁር ዱቄት አለው

አንገቱ ከለሰለሰ ሳይደርቅ ነው የገባው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ማሳ ላይ ነው፣ ውሃ እስከ መጨረሻው ይጠጣል፣ ዩሪያ ዘግይቶ ይደረጋል፣ አንገቱ ይወፍርና አልዘጋ ይላል፣ ዋጋ ጨመረ ሲባል ደሞ እርጥቡን ነቅሎ መሸጥ ነው። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ነው ሚደርሰው፣ ከመንቀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ውሃ አቁሙ፣ ከተነቀለ በኋላ አንዱ ረድፍ ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን አርጋችሁ አስተኙት፣ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይቃጠላል። አንገቱን በጣታችሁ ስታሹት ካልተንሸራተተና ልጣጩ ኮሽ ኮሽ ካለ ደርቋል፣ ከዛ ሁለት ሶስት ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ቁረጡ። ጥቁሩ ዱቄት ሻጋታ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ነው ሚመጣው፣ የነካውን ለዩት።

ማብቀሉ ሌላ ታሪክ ነው። ሽንኩርት በጣም ሲቀዘቅዝም፣ 25 እና 30 ዲግሪ ላይም ቶሎ አያበቅልም፣ ሚያበቅለው መሀሉ ላይ ነው፣ 10 እስከ 20 ዲግሪ ላይ፣ እሱ ደሞ ቁጭ የአዲስ አበባ አየር ነው! ስለዚህ ደገኛ ከተማ ውስጥ ብዙ ማከማቸት አያዋጣም፣ ቆላ ላይ ደረቅና ነፋሻ ቆጥ ሰርቶ እዛው ማቆየት ይሻላል። ስር ካወጣ እርጥበት ነው፣ ከሲሚንቶ ወለል አንሱት፣ ከኬሻ አውጥታችሁ ስስ አርጋችሁ ዘርጉት።

ምልክት፦ ድንቹ አረንጓዴ ሆነ

ብርሃን። አረንጓዴው ራሱ አይደለም ሚጎዳው፣ አብሮት ሚመጣው ሶላኒን ሚባለው መርዝ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ወፈር አርጋችሁ ላጡት፣ ብዙ ከሆነ ወይ ከመረረ ጣሉት፣ መቀቀል አያጠፋውም። ጨለማ ውስጥ፣ ሳይታጠብ፣ ከሽንኩርት ተለይቶ ይቀመጥ። ፍሪጅ ካስገባችሁት ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየርና ስትጠብሱት ይጠቁራል።

ምልክት፦ ጥቅል ጎመኑ ቢጫ ሆነ፣ ካሮቱ መረረ

ጎረቤቱን እዩ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎና ቲማቲም ሲበስሉ ኢቲሊን ሚባል ጋዝ ያወጣሉ፣ ጎመንና ካሮት ደሞ አይችሉትም። ጉልት ላይ አንድ ላይ ቢሆን ብዙም አይደለም፣ ክፍት ነው፣ ማታ ተዘግቶ ሚያድር ሱቅና የተሸፈነ መኪና ላይ ግን ለዩዋቸው።

ምልክት፦ አቮካዶው ሳይበስል ተጨማደደ፣ ጎማ ጎማ ይላል

ያለጊዜው የተቀጠፈ ነው፣ መፍትሄ የለውም፣ ከዛ ሰው ደግማችሁ አትግዙ። ከጭራው በኩል እየጠቆረ ሚበሰብሰው ግን በዱላ ረግፎ የመጣ ነው፣ በመቀስ ትንሽ ጭራ ተትቶለት ይቆረጥ። በጊዜው የተቀጠፈውን ጠጣር ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልሉት፣ ሲለሰልስ ፍሪጅ።

ምልክት፦ ቆስጣና ሰላጣ ጠወለገ ወይ አተላ ሆነ

መጠውለግ የውሃ ማጣት ነው፣ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰአት አቆዩት ይነሳል። አተላው ግን ከታሰረ ፌስታል ውስጥ ካለ ላብ ነው፣ ፌስታሉን ብሱት፣ ወይ በእሱ ፈንታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት።

መብራት ለሌለበት ማሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ በጡብ ሚሰራ ማቀዝቀዣ። ዙሪያውን ሁለት የጡብ ግድግዳ ጎን ለጎን፣ መሀላቸው አሸዋ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ፣ ክዳኑ እርጥብ ኬሻ፣ ላዩ ላይ ዳስ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል፣ ውስጡ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለቅጠላ ቅጠል አሪፍ ነው። ሚሰራው ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፣ በጋ ላይ ባቱና ድሬዳዋ አካባቢ፣ ክረምት ላይ ብዙም አትድከሙ። ሽንኩርት ደሞ እዛ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ስር አውጥቶ ይጠብቃችኋል።