በመድኃኒት ጥንካሬ የተከሰሱ አምራቾችን የድሮ የፍርድ ማስታወቂያዎች እንዴት እናነባለን?

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1906 የፈረሙት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ፣ በእሱ መሠረት የሚሰጠው ፍርድ ታትሞ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያዝዝ ነበር። በዚህ ትእዛዝ ከ1908 ጀምሮ የወጡት አጫጭር የፍርድ ማስታወቂያዎች ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ስብስብ ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። በመለያው ላይ የተጻፈውን ያህል ፈዋሽ ንጥረ ነገር ሳይዝ ስለተሸጠ መድኃኒት ለሚያጠና የፋርማሲ ወይም የሕግ ተማሪ ከእነዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ይሁን እንጂ አጻጻፋቸው እጅግ የታመቀ ስለሆነ፣ ምን ከምን ቀጥሎ መነበብ እንዳለበት ያላወቀ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ራስጌው የመድኃኒቱን ስም፣ የክሱን ዓይነት፣ የተከሳሹን የእምነት ክህደት ቃልና ቅጣቱን በጥቂት መስመሮች ይናገራል፤ እዚያ ላይ አይቁሙ። ወደ ውስጥ ገብተው በመጀመሪያ ዕቃው ከየትኛው ግዛት ወደ የትኛው ግዛት እንደተላከ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ለወጉ ያህል የገባ አይደለም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን የሚመነጨው በክልል ግዛቶች መካከል ከሚደረገው ንግድ በመሆኑ፣ በአንድ ግዛት ውስጥ ተሠርቶ እዚያው የተሸጠ መድኃኒት የቱንም ያህል ቢጎድል በዚህ ሕግ አይከሰስም ነበር። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተንና ገና ግዛት ያልሆኑት አካባቢዎች ብቻ በራሳቸው አንቀጽ ይገዙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቁጥሮችን ያውጡ፤ አንዱ መለያው የሚለው፣ ሌላው በግብርና ሚኒስቴር ሥር የነበረው የኬሚስትሪ ቢሮ በምርመራ ያገኘው ነው። ቢሮውን እስከ 1912 ድረስ የመሩት ለሕጉ መውጣት ለዓመታት የታገሉት ኬሚስቱ ሃርቪ ዋይሊ ነበሩ። ልኬቱ ብዙ ጊዜ በግሬን ስለሚሰጥ ወደ ሚሊግራም መለወጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ግሬን 64.8 ሚሊግራም ያህል ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው መደበኛ የአስፕሪን ክኒን እስከ ዛሬ 325 ሚሊግራም የሆነው አምስት ግሬን ስለነበረ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በልብ ሕመም ደረቱን ሲጨንቀው ታማሚ ከምላሱ ሥር የሚያስቀምጠው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን በመለያው 1/100 ግሬን ተብሎ፣ በምርመራ ግን 1/160 ግሬን ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው 0.65 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው 0.41 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ ጉድለቱ ከመቶ 37.5 ነው። ክፍልፋዮቹን እንዳሉ ያየ አንባቢ 160 ከ100 ስለሚበልጥ ክኒኑ የበረታ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ስሌቱን ሁልጊዜ በወረቀት ላይ ይሥሩት። ናይትሮግሊሰሪን በክምችት ላይ እያለ ስለሚተን ጉድለት ሁሉ የስርቆት ማስረጃ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ሕጉ ግን ስለ ሐሳብ አይጠይቅም ነበር፤ ጥንካሬው መለያው ከሚለው በታች ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ የአምራቹን ተንኮል ማስረዳት ሳያስፈልገው ክሱ ይጸና ነበር። ለታማሚው ሲታሰብ ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ ክኒኑ የጎደለው በክፋት ይሁን በቸልታ ለደረቱ ጭንቀት ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ የክሱን ዓይነት ይለዩ። «መበረዝ» የሚባለው መድኃኒቱ የመድኃኒቶችን መመዘኛ በያዙት መጻሕፍት፣ በአሜሪካ ፋርማኮፒያ ወይም በብሔራዊ ፎርሙላሪ፣ በሚታወቅ ስም ተሽጦ ከዚያ መመዘኛ ሲለይ፣ ወይም ሻጩ ራሱ ከሚናገርለት ጥንካሬ ወይም ንጽህና ሲያንስ ነው። «አሳሳች መለያ» የሚባለው ደግሞ ጽሑፉ በማናቸውም ረገድ ሐሰት ወይም አሳሳች ሲሆን ነው። አንድ የጎደለ ክኒን ሁለቱንም ስለሚያሟላ ሁለቱ ክሶች አብረው ሲቀርቡ ቢያዩ አይገረሙ። የፋርማኮፒያ ስም የያዘ መድኃኒት የተለየ ጥንካሬው በጠርሙሱ ላይ በግልጽ ከተጻፈ ግን ተበርዟል አይባልም ነበር፤ ሕጉ ሻጩን እውነቱን ጻፍ እንጂ ይህን ያህል ጨምር አላለውም። ከዚህ ተለይተው መጠናቸው የግድ እንዲጻፍ የታዘዘባቸው አልኮል፣ ሞርፊን፣ ኦፒየም፣ ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ክሎሮፎርም፣ አሴታኒላይድ (የድሮ የሕመም ማስታገሻ) እና ጥቂት ሌሎች ከነውጤቶቻቸው ነበሩ።

ፈውስን የሚመለከት ክስ ሲያጋጥምዎ ከጥንካሬ ክስ ጋር አያደባልቁት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1911 ጆንሰን በተባለ የመድኃኒት ሻጭ ጉዳይ፣ ሕጉ የሚከለክለው ስለ መድኃኒቱ ማንነት የሚነገር ሐሰትን እንጂ ካንሰር ይፈውሳል የሚል ሐሰትን አይደለም ብሎ ወሰነ። ምክር ቤቱ በ1912 ባወጣው የሸርሊ ማሻሻያ ይህን ክፍተት ሲደፍን «ሐሰትና ማጭበርበር» የሚል ቃል አስገባ፤ ስለዚህ በፈውስ ክስ የማታለል ሐሳብ መረጋገጥ ነበረበት። አንድ መቶኛ ግሬን ብሎ የዋሸ ሰው በሚዛን ይያዛል፣ ካንሰርን አድናለሁ ብሎ የዋሸ ግን ልቡ መመርመር ነበረበት።

ተከሳሹ ማን እንደሆነም ይመልከቱ። ክሱ በሰው ወይም በድርጅት ላይ ከሆነ መጨረሻው ብዙ ጊዜ መቀጮ ነው፤ በዕቃው ላይ ከሆነ ተይዞ ይወረሳል፣ ባለቤት ካልቀረበለትም ብዙ ጊዜ እንዲጠፋ ይታዘዛል። «አልከራከርም» የሚል ቃል ካገኙ ተከሳሹ ጥፋቱን ሳያምን ቅጣቱን ተቀብሏል ማለት ነው። ቸርቻሪው ከአምራቹ የተፈረመ ዋስትና ካለው ነጻ ስለሚወጣ፣ የመድኃኒት ቤቱ ስም ከተከሳሾች መካከል አለመኖሩ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

የመቀጮውን መጠን የጉዳት መለኪያ አድርገው አይውሰዱት። በግዛቶች መካከል ለተላከ ዕቃ የመጀመሪያ ጥፋት ከ200 ዶላር አያልፍም፤ ለተደጋገመ ጥፋት እስከ 300 ዶላር ወይም አንድ ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ነበር። በ1908፣ በራሷ አንቀጽ በምትገዛው በዋሽንግተን የተፈረደበት ሮበርት ሃርፐር፣ አሴታኒላይድ ያለበትንና «ለአንጎል ምግብ» እያለ የሸጠውን የራስ ምታት መድኃኒት በተመለከተ 700 ዶላር ተቀጥቷል፤ እጅግ ብዙ ማስታወቂያዎች ግን በ25 እና በ50 ዶላር ያበቃሉ።

በመጨረሻ ዕቃው የተላከበትን ቀን ከፍርዱ ቀን ጋር ያነጻጽሩ። በሁለቱ መካከል የናሙና ምርመራ፣ አምራቹ ቀርቦ የሚሰማበት ጊዜና ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ የሚተላለፍበት ሂደት ስላለ፣ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ የሆነ ልዩነት ያገኛሉ። በግለሰብ ላይ በተመሠረተ ክስ ውስጥ ስለ መወረስ አንድም ቃል ካላዩ፣ የዚያው ጭነት ቀሪ ጠርሙሶች በዚያ ዓመት ውስጥ በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ እንደነበሩ አድርገው ማሰብ ይኖርብዎታል።