ከአንድ ግንድ ጀልባ መፈልፈል

ለጅማ ሰው ዋንዛ እንግዳ እንጨት አይደለም። ለጀልባም ቀላልና ለመፈልፈል ገር ነው፤ ከመቁረጥዎ በፊት ግን ፈቃድ ያውጡ።

4 ሜትር ርዝመትና ቢያንስ 70 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ ያልበዛበት ግንድ ይምረጡ። እርጥብ ሳለ ይሥሩት፤ ሲደርቅ ይጠጥራል።

መጀመሪያ ውጩን ይጥረቡ፣ ሆዱን ኋላ። ተቻኩሎ ከውስጥ የጀመረ ሰው ወለሉን የት እንደሚያቆም ስለማያውቅ ይበሳዋል። መድኃኒቱ የእንጨት ችንካር ነው፦ ውጩ ሲያልቅ በየ30 ሳንቲሜትሩ በመሰርሰሪያ ይብሱ፣ ጎኑን 3፣ ወለሉን 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት። በዚያው ልክ የተቆረጠ፣ የደረቀና ጠቆር ያለ ችንካር ይምቱበት። ከውስጥ በፋስ፣ ቀጥሎ በመሮ ሲፈለፍሉ የችንካሩ ጫፍ ብቅ ካለ እዚያው ያቁሙ። ውኃ ሲነካው አብጦ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል። ሁለቱን ጫፎች 20 ሳንቲሜትር ወፍራም አድርገው ይተዉ።

ስንጥቅ የሚነሳው ከጫፍ ነው፤ እርጥበቱ በዚያ በኩል ፈጥኖ ይወጣልና። ጫፎቹን ሰም ወይም እበት ይቀቡ፣ ማታ ማታ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑ፣ ጥላ ሥር ያቆዩ።

ሙከራው ጉልበት በማያልፍ ውኃ ይሁን (በጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ጉማሬ አለበት፣ እዚያ አይሞክሩ)። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያንኑ ጎን ከውስጥ በትንሽ በትንሹ ይላጉት።