የቪትዟ የፊት ጎማ የጋለበት ምክንያት

አሮጌዋ ቪትዜ የእንጦጦን ቁልቁለት ስትወርድ የተቃጠለ ነገር ትሸታለች። ወደ ቀኝም ትስባለች። የፊት ቀኝ ቸርኬዋ እጅ አያስነካም፤ ግራው ለብ ያለ ነው። አንድ መካኒክ ሳይፈታ «ካሊፐሩ ይቀየር» አለኝ፤ ካሊፐር የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል ነው። ዋጋውን ስሰማ ራሴ ልየው አልኩ።

ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከሥር ማቆሚያ ይግባ። ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች በ14 ቁልፍ ፈታሁ። የውስጠኛው ፍሬን ሸራ ከውጭኛው ይልቅ አልቋል። ዋናው ፍንጭ ይሄ ነው፦ ወይ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወይ ካሊፐሩ ራሱ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ ብዬ ስገፋው ያለ ችግር ገባ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች አየሁ። የላይኛው እንደ ልብ ይወጣል፣ ይገባል። የታችኛው ግን ዝጎ ድርቅ ብሏል፤ ስለዚህ ሸራው ዲስኩን አይለቅም፣ ጎማውም ይግላል። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል።

ግራ ቀኝ እያዞርኩ አወጣሁት። ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ፣ ቀዳዳውን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጠብኩ። ግራሶው ላይ ቀልድ የለም፦ ተራው ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ነው የሚቀባው። አዲስ ላስቲክና የፊት ሸራ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ሸራ በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፤ የግራውንም አብሬ ቀየርኩ። መሳቡም ሽታውም ጠፋ።

ፒስተን ከተገፋ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። መኪናዋን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ የፍሬን ዘይቱንም መጠን እዩ።