ከሽፋኑ በፊት ፊደሉን፦ የአማርኛ መጽሐፍ ለኪንድልና ለስልክ ማዘጋጀት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ መምህር የመንዝ ልጅነታቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። ማተሚያ ቤት የጠየቃቸው ገንዘብ በጡረታ የሚቻል አይደለም። ልጆቻቸው ደግሞ ውጭ ናቸው፣ በኪንድል (በአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ነው የሚያነቡት። «እስቲ አንቺ ሞክሪው» አሉኝ። የመጀመሪያውን ፋይል ለልጃቸው ላክሁላት። ያየችውን ፎቶ አንስታ መለሰችልኝ፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች ባዶ አራት ማዕዘን ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና «ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው?» አሉኝ። በጣም ከፋኝ።

ስለዚህ ከዋጋውም ከሽፋኑም በፊት ፊደሉን አስተካክሉ።

ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዛሬም በነሱ የሚጽፍ አለ። ማወቂያው ቀላል ነው። አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ወይ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማለፍ ወይ እንደገና መጻፍ አለበት። የጋሼን ሦስት ምዕራፎች በመቀየሪያ አሳለፍናቸው፣ ግን «ጐ» እና «ቋ» ብዙ ቦታ ተበላሽተው ስለነበር ከእጅ ጽሑፋቸው ጋር እያስተያየን መስመር በመስመር አነበብን። ይህን ሥራ አትዝለሉት።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። በሁለት ኮለን የተሠራውን አራት ነጥብ ሁሉ በእውነተኛው «።» ተኩት። ስሞችን አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ሰላ ድንጋይን አንዴ በ«ሰ» አንዴ በ«ሠ» ከጻፋችሁ አንባቢው ሲፈልግ ግማሹን አያገኘውም። የምዕራፍ ርዕሶችን ዎርድ ላይ «ሄዲንግ 1» አድርጓቸው፣ ማውጫው የሚወጣው ከዚያ ነው። አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተር ደጋግማችሁ አትምቱ፤ ፊደሉን ያተለቀ ሰው ባዶ ገጽ ያጋጥመዋል። ጽሑፉንም በሁለቱም ጠርዝ እኩል አታድርጉት። ቃላችን ረጅም ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» የሚል ቃል በትንሽ ስክሪን ላይ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የቀሩት ሁለት ቃላት ግራና ቀኝ ተራርቀው መሀሉ ገደል ይሆናል። በግራ ብቻ ይሰለፍ።

አሁን ካሊበር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የዎርዱን ፋይል አስገቡ፣ ቋንቋውን አማርኛ በሉት፣ ወደ ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የፋይል ዓይነት ነው) ቀይሩት። ስትቀይሩ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲገባ ማዘዝን እንዳትረሱ። የኔ ጥፋት እሱ ነበር። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነፃ ናቸው፣ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባትም ፈቃዳቸው ይፈቅዳል።

ከዚያ በእውነተኛ መሣሪያ ሞክሩት፣ ኮምፒውተር ላይ ማየት አይበቃም። አማዞን ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፋይል ወደ ኪንድል በሚላክበት በ«ሰንድ ቱ ኪንድል» አገልግሎቱ በኩል ኢፐብ ይቀበላል። መጽሐፉ ሲከፈት ከፎንት ምርጫው የአሳታሚውን ፎንት፣ ማለትም እናንተ ያስገባችሁትን፣ ምረጡ። ፊደሉን አተልቁ፣ አሳንሱ፣ ማውጫውን ተጫኑ።

ሽፋን ላይ ርዕሱ ትልቅ ይሁን። 1600 በ2560 ፒክስል ጥሩ ልክ ነው። ብዙው ማንበቢያ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የጣርማበርን ጉም የመሰለ ፈዛዛ ፎቶ እዚያ ላይ ግራጫ ብቻ ይሆናል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ደራሲ መጽሐፉን ራሱ አሳትሞ የሚሸጥበት የአማዞን ኬዲፒ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ግን ሞክሩት፤ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለተተመነ መጽሐፍ በብዙዎቹ ገበያዎች ለደራሲው ከዋጋው 70 በመቶ፣ ከዚያ ውጪ 35 በመቶ ይከፍላል። ለአማርኛው እኔ የመረጥኩት ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ነው፤ አገር ቤት ያለው ገዢ በቴሌብር ይከፍላል። ይኮረጃል የሚል ስጋት አለ፣ እውነት ነው፤ ጋሼ ግን መነበቡን መረጡ።

ሁለተኛውን ፋይል ስልክላት ልጃቸው ሌላ ፎቶ ላከች። ፊደሉ ጥርት ብሏል፣ የመሐል ሜዳ ገበያ የሚጀምርበት ገጽ ነው። ጋሼ ስልኩን አስጠግተው አንብበው «አራተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ቀርቷል» አሉኝ። ዎርዱ ላይ አስተካክዬ፣ ካሊበር ላይ እንደገና ቀይሬ፣ ያን ማታውኑ መልሼ ላክሁላት።