የኤቢኤስ መብራት ሲበራ ከየት ልጀምር?

ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት በርቶ አልጠፋ አለ? ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ግን በድንገት ስትረግጡት ጎማው ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል። ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ መኪናውን አቁሙ።

መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱንና ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆኑ ወደ ጎማዎቹ ውረዱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የጎማውን ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር ነው፤ ጭቃና የብረት ብናኝ ይይዘዋል፣ ወይ ገመዱ ሲፋተግ ኖሮ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም ኩሽኔታው ላልቶ ሴንሰሩን ያሳስተዋል። የትኛው ጎማ እንደሆነ ለማወቅ ኮድ ማንበቢያ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ሰኩ። ርካሾቹ ብዙዎቹ የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ ኤቢኤስ ያነብ እንደሆነ ጠይቁ። ኮዱን ሳያይ "ሞጁሉ (የኤቢኤሱ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ይቀየር" የሚል መካኒክ ካጋጠመኝ እኔ ቁልፌን ተቀብዬ ነው የምሄደው። ሴንሰሩን አጽድታችሁ ኮዱን አጥፉና ትንሽ ንዱ፤ መብራቱ ከተመለሰ ገመዱን ደግማችሁ ፈትሹ።