ባንክ ከመምረጥዎ በፊት ታሪፉን ይጠይቁ፣ ስልኩን ይሞክሩ

መጀመሪያ በወር ስንት ጊዜ ገንዘብ እንደሚልኩ ይቁጠሩ። ኪስ የሚጎዳው ሂሳብ መክፈቻው ሳይሆን በየዝውውሩ የሚቆረጠው ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ የባንክ ቅርንጫፎቹ ስለሚቀራረቡ በአንድ ጠዋት ሦስቱን አዳርሰው ታሪፍ ይጠይቁ፦ እዚያው ባንክ ውስጥ ሲላክ፣ ወደ ሌላ ባንክ፣ ወደ ቴሌብር፣ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ሲወጣ። በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15% ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚታሰብ አይርሱ። አዘዞ የሚኖር ሰው ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ የትኛው ባንክ ኤቲኤም እንዳለው ይመልከት።

መተግበሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ዳታ ሲጠፋ አይሠራም፤ ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ እንደ ንግድ ባንክ *889# ያለ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አጭር ቁጥር ያለውን ያስቀድሙ።

ሂሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያዎን ይያዙ። ሲም ካርዱ በራስዎ ስም የወጣ ይሁን፤ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ሲጠፋ ማስመለሱ ያስቸግራል፣ ሞባይል ባንኪንጉም አብሮ ይቆማል።

ከዚያ ለሙከራ 10 ብር ወደ ሌላ ባንክ ይላኩና የተቆረጠውን ከአጭር መልእክቱ ያንብቡ። ገንዘቡ ከሂሳብዎ ወጥቶ ካልደረሰ ደግመው አይላኩ፤ የግብይት ቁጥሩን ይዘው ቅርንጫፉ ላይ ያመልክቱ።