በየወሩ የሚሰነጠቀው የፓምፕ ሲል

የሙቅ ውሃ ፓምፓችን በሦስት ወር ሦስት ሜካኒካል ሲል በላ፤ ሲል ማለት በሚሽከረከረው ዘንግ በኩል ውሃ እንዳይፈስ የሚያግድ፣ ፊታቸው እርስ በርስ የሚፋተግ ሁለት ቀለበቶች ያሉት ዕቃ ነው። በየጊዜው ገጣሚውን ነበር የምንወቅሰው።

ሦስተኛውን ስፈታ ነጩን የሴራሚክ ቀለበት ብርሃን ላይ ያዝኩት። ከውስጥ ወደ ዳር የሄዱ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉት። ፊቱ ግን አልተበላም። ስለዚህ የገደለው መፋተግ ሳይሆን ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። ታንኩ ሲጎድል ፓምፑ ደረቁን ይሽከረከራል፣ ቀለበቱ ይግላል፣ ከዚያ ውሃው ከች ሲል ቷ!

ነጩ ቀለበት አሉሚና የሚባል ሴራሚክ ነው። ርካሽ ነው፣ ለቀዝቃዛ ንጹህ ውሃም ይበቃል። ዕቃ ሻጩ ስለ ሌላ ሴራሚክ «ዚርኮኒያ ውሰድ፣ በቀላሉ አይሰበርም» አለኝ። ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ። አለመሰበሩ እውነት ነው፤ ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ግን ደካማ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ዋት በሜትር ኬልቪን። አሉሚና ወደ 25 ይጠጋል፣ ሲሊከን ካርባይድ የሚባለው ሦስተኛው ሴራሚክ ደግሞ ከ100 ያልፋል። እኔ ደግሞ የፈለግኩት ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ነው።

ሲሊከን ካርባይዱን ከካርቦን ፊት ጋር አጣምሬ ገጠምኩ። ሁለቱም ፊት ሲሊከን ካርባይድ ቢሆን ደረቁን ሲሽከረከር እርስ በርስ ይበላላል። ታንኩ ላይም ፍሎት ስዊች ጨመርኩ፤ ውሃ ሲጎድል ፓምፑን ያጠፋል።

አምስተኛ ወሩን ይዟል። ወለሉ ደረቅ ነው። ገጣሚውንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።